ለንደን አንድ ምሽት ብቻ አለኝ፤ የሚውዚካል ትኬት እንዴት ልቁረጥ?

ዜማ ወዳድ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ለሥራ ለንደን እሄዳለሁ። ከአራቱ ቀን የራሴ የምለው ሐሙስ ማታን ብቻ ነው። ፋንተም ኦቭ ዘ ኦፔራ የሚባለውን ሚውዚካል (በዘፈን የሚተረክ ቲያትር) ማየት እፈልጋለሁ። ዘፈኖቹን ስምንት ዓመት በጆሮ ማዳመጫ ሰምቻለሁ፣ ቃላቱን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ አውቃቸዋለሁ። መድረክ ላይ ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም።

ትኬት ፍለጋ ስገባ ግራ ገባኝ። አንዱ ገጽ ላይ ያየሁት ወንበር ሌላው ላይ ሌላ ዋጋ አለው። ስቶልስ፣ ሮያል ሰርክል፣ ግራንድ ሰርክል፣ ባልኮኒ ይላል። የቱ ይሻለኛል? አሁን ልቁረጥ ወይስ እዚያው ስደርስ? ውዱን ወንበር አልችለውም። ምንም የማይታይበት ቦታ ተቀምጬ መመለስም አልፈልግም።

ሦስተኛ ረድፍ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ የቲያትር ቤቱን የራሱን ገጽ ክፈቺ። ፋንተም ያለው ሂዝ ማጄስቲስ ቲያትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረውም እዚያው ነው። ቤቱ እስከ 2023 ድረስ ሄር ማጄስቲስ ይባል ነበር፤ ንጉሡ ዘውድ ሲጭኑ ስሙ ተቀየረ። የቆየ ጽሑፍ ላይ በድሮ ስሙ ብታገኚው አትደናገሪ።

ከወኪል የምትገዢ ከሆነ ስታር የሚባለው የትኬት ሻጮች ማኅበር ምልክት እንዳለው እይ። መልሶ የሚሸጥልሽ ሰው ደግሞ ረድፉን፣ የወንበሩን ቁጥርና ትኬቱ መጀመሪያ የወጣበትን ዋጋ ሊነግርሽ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የብሪታንያ የሸማቾች ሕግ ነው የሚያስገድደው። ይህን የሚደብቅ ገጽ ካጋጠመሽ ዝጊውና ውጪ። ዋጋ ስታወዳድሪም ከነአገልግሎት ክፍያው ጠቅላላ ድምሩን አወዳድሪ።

ከሰገነት፦
ስለ ወንበሩ እኔ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ያንገበግበኛል።

ስቶልስ ማለት ምድር ላይ ያለው ነው። ሮያል ሰርክል የመጀመሪያው ሰገነት፣ ግራንድ ሰርክል ሁለተኛው፣ ባልኮኒ ጣሪያው ሥር ያለው ነው። ብዙ ሰው «ምድር ላይ ከሆንኩ ይበቃኛል» ብሎ የኋላውን ስቶልስ ይቆርጣል። ለፋንተም ይሄ አይሆንም። ሻንደሌሩ፣ ከጣሪያ የሚንጠለጠለው ትልቁ የክሪስታል መብራት፣ አለና!

ታሪኩ በጨረታ እንደሚጀምር ከዘፈኑ ታውቂዋለሽ። የተሸፈነው ሻንደሌር መድረኩ ላይ ነው። ኦርጋኑ ሲያስገመግም ጨርቁ ይገለጣል፣ መብራቱ ይበራል፣ ከዚያ በተመልካቹ አናት ላይ እየተንሳፈፈ ወደ ጣሪያው ይወጣል። የኋላ ስቶልስ ላይ ከሆንሽ ግን ከላይሽ ያለው ሰገነት ይጋርድሻል። እኔ መጀመሪያ የተቀመጥኩት እዚያ ነበር። ፊት ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አደረገ። እኔም ቀና አልኩ። ያየሁት የሰገነቱን ሥር ነው። ያን ምሽት በጣም ከፋኝ።

በሌላ ጊዜ በዕለቱ ጠዋት የተመለሰ ትኬት ካለ ብዬ ጠየቅኩና ሮያል ሰርክል ፊተኛው ረድፎች ላይ አንድ ወንበር ተገኘ። ሻንደሌሩ ዓይኔ ፊት አለፈ። ክሪስታሉ ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር። እንባዬ መጣ።

ስለዚህ ሮያል ሰርክል ከፊት ያሉትን ረድፎች ፈልጊ። መሐሉ ውድ ከሆነብሽ ወደ ዳር ያለውን እይ፤ ይረክሳል። ከመድረኩ አንድ ጥግ ትንሽ ሊቆረጥብሽ ይችላል፣ ሻንደሌሩ ግን አያመልጥሽም። «ሪስትሪክትድ ቪው» የሚል ካየሽ የሆነ ነገር ይጋርድሻል ማለት ነው፤ ምሰሶ ወይም የብረት መደገፊያ ሊሆን ይችላል። ከመክፈልሽ በፊት ሲትፕላን የሚባል ገጽ ግቢ። ተመልካቾች ከየወንበራቸው ያነሱትን ፎቶ እዚያ ይለጥፋሉ። የረድፉን ፊደልና ቁጥሩን ይዘሽ ፈልጊው።

የዕለት ትኬት፦
ሌስተር ስኩዌር ላይ ቲኬቲኤስ የሚባል ዳስ አለ። የለንደን ቲያትሮች ማኅበር ነው የሚያስተዳድረው፣ እውነተኛ ቅናሽ አለው። አካባቢው ላይ «ግማሽ ዋጋ» ብለው የለጠፉ ሌሎች ሱቆች ከሱ ጋር አይገናኙም። ቱዴይቲክስ የሚባለው አፕ ላይም የዕለት ትኬትና ዕጣ ይወጣል። ግን ያለሽ አንድ ምሽት፣ የምትፈልጊውም አንድ ትርኢት ብቻ ነው። ዕጣው ባይወጣልሽስ? አሁኑኑ ቁረጪ።

ማትኔ፦
ሰዓቱን! እባክሽ ሰዓቱን እይ። የኔ ትኬት 2:30 ይል ነበር። በኛ አቆጣጠር አንብቤው ከምሽቱ 2:30 መሰለኝ። በነሱ 2:30 ማለት ከቀኑ 8:30 ነው። ለብሼ አጊጬ ስደርስ የኔ ትርኢት ካለቀ ሦስት ሰዓት ሆኖታል። በሩ ላይ ያለችው ልጅ ትኬቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ዝም አለች። ገንዘቡም አልተመለሰም። እስካሁን ሳስበው ሆዴን ይቆርጠኛል።

የማታው 7:30 ከሆነ በኛ ከምሽቱ 1:30 ነው። ስልክሽ ላይ በኛ ጻፊው። ቀደም ብለሽም ድረሺ። ከተጀመረ በኋላ የመጣ ሰው አመቺ ክፍተት እስኪገኝ ውጭ ይጠብቃል።

ዜማ ወዳድ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የኋላ ስቶልስ መርጬ ካርዴን ላስገባ ነበር እኮ። አንድ ነገር ልጨምር። በጆሮዬ ያለው እ.ኤ.አ. የ1987ቱ የመጀመሪያ ቅጂ ነው፣ ማይክል ክሮፎርድና ሳራ ብራይትማን የዘፈኑት። ሌላ ሰው ሲዘፍነው እንግዳ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። ዋናው ተዋናይ ደግሞ ያን ቀን ባይኖርስ?

የድሮ ተመልካች፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ይሆንብሻል፤ ትንሽ ቆይቶ ትረሺዋለሽ። ጆሮሽ የለመደው ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ድምፅ ነው። እዚያ ግን ዘፋኙ ከመዝፈኑ በፊት ትንፋሹን ሲስብ ታይዋለሽ። ያ በቅጂ አይገኝም።

ዋናው ተዋናይ ቢታመም ተተኪ ይገባል። በዚህ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አይመለስም፤ ትኬቱ የሚቆረጠው ለትርኢቱ ነው እንጂ ለአንድ ተዋናይ አይደለም። ተተኪዎቹን አደራ እንዳታሳንሻቸው። ስዊንግ የሚባሉት የብዙ ሰው ቦታ፣ ዜማና እርምጃ ባንድ ራስ ይዘው በየምሽቱ ተዘጋጅተው የሚጠብቁ ናቸው። እኔ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ የማልረሳው የአንዲት ተተኪ ነው።

ቃላቱን በቃሌ አውቃለሁ ብለሻል። አዳራሹ ውስጥ ግን በልብሽ ዝፈኚ፤ አጠገብሽ ያለውም እንዳንቺ ዓመታት የጠበቀ ሊሆን ይችላል። ሲያልቅ ቶሎ አትነሺ። ወደ ኦርኬስትራው ጠጋ በይ፣ ሙዚቀኞቹ ገና እየተጫወቱ ሊሆን ይችላል።

ዜማ ወዳድ፦
ቆረጥኩ! ሮያል ሰርክል፣ አራተኛ ረድፍ፣ ወደ ዳር። ፎቶውንም አየሁት፤ በስተግራ ጥቂት ይቆረጣል እንጂ ጣሪያው ፍንትው ብሎ ይታያል። ሐሙስ ከምሽቱ 1:30። በኛ ነው የጻፍኩት።