ጥቆማ ፈላጊ ነኝ፦ የመመረቂያ ዓመቴን ለጥናት ወይስ ለፖርትፎሊዮ?

ቀለሟ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥነ ጥበብ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ቀለም ቅብ። የሚቀጥለውን ዓመት ለጥናታዊ ጽሑፍ ልስጠው (ማስተርስ አስባለሁ) ወይስ ለፖርትፎሊዮና ለሥራ ፍለጋ? ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው ውስጥ ቤተ መጻሕፍትና ማተሚያ ቤትም ጠቁሙኝ።

የወመዘክር ደንበኛ፦
ለጥናቱ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ ለቆዩ ጋዜጦች ደግሞ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ)። ግን ጠባብ ርዕስ ይዘሽ ሂጂ። «የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል» ብለሽ ከገባሽ ዓመቱ መግቢያ በመጻፍ ያልቃል። የአፍሪካ አዳራሽን የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ውሰጂ፦ 150 ካሬ ሜትር፣ ሦስት መስኮት፣ ያለፈው፣ የአሁኑና የወደፊቱ። «ሠዓሊው ሦስቱን ጊዜያት በምን የአሣሣል ዘዴ ለያቸው?» ይሄ ጥያቄ ነው። ከዚያ አዳራሹ የተመረቀበትን የ1953 ዓ.ም. የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥራዞች ገልብጪ።

ፒያሳዊት፦
ማተሚያ ቤት ስትመርጪ ተጠንቀቂ እህቴ። 20 ገጽ ፖርትፎሊዮ ሰማያዊው ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ወጣልኝ። «ፋይልሽ ነው» አሉኝ፣ ብሩም ቀረ። ስማቸውን አልጠራም።

አራት ቀለም፦
ይቅርታ ግን እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ስክሪን በአርጂቢ (በቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን) ነው የሚያሳየው፣ ማሽኑ በሲኤምዋይኬ (በሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም) ያትማል። ደማቅ ሰማያዊ ሲቀየር የማጀንታው (የቀይ ሐምራዊው) መጠን ከሳያኑ (ከውሃ ሰማያዊው) ጋር ይጠጋና ሐምራዊ ይሆናል። ራስሽ ቀይሪውና ማጀንታውን ከሳያኑ ቢያንስ በ30 በመቶ ዝቅ አድርጊ። ሁሉም ከመታተሙ በፊት አንድ ገጽ በዚያው ወረቀት አሳትመሽ እዪ።

ፒያሳዊት፦
ታዲያ ይሄን መንገር የነሱ ሥራ አልነበረም?

ደንበኛ ንጉሥ፦
እኔ የምሄድበት ፒያሳ ያለው ቤት ስህተት የሚባል አያውቅም። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ ሻይ ሳይቀር ይጋብዛል።

አራት ቀለም፦
ሻዩ ስንት ዲፒአይ ነው? (የኅትመት ጥራት መለኪያውን ማለቴ ነው)

ደንበኛ ንጉሥ፦
ሳታይ አትሳደብ። ስምንት ዓመት አሳትሜያለሁ።

አራት ቀለም፦
ማን ተሳደበ? ማሽኑን ጠበል ረጭተውት ይሆናል ብዬ ነው።

ሸራ ወጣሪ፦
ሸራ ስትወጥሪ ከአራቱም ጎን መሃል ጀምረሽ ወደ ማዕዘን ሂጂ። ጣውላው እርጥብ ከሆነ ይጣመማል። ከ1 ሜትር በላይ ከሆነ መሃሉ ላይ መስቀለኛ ድጋፍ አይቀርም።

ፒያሳዊት፦
ሸራ ማን ጠየቀ? 😂

መምህሩ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ማስተርስ የምትዪው የቱን እንደሆነ ወስኚ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ከሆነ የጽሑፍ ናሙና ይጠይቁሻል፤ ሥዕሉ ራሱ ከሆነ ግን ዳኞቹ በቅድሚያ የሚያዩት ሥራሽን ነው፣ 60 ገጽ ጽሑፍ አያድንሽም። ከአሁኑ የሙከራ ደብተር ያዢ፦ የቱን ቀለም ከየቱ በምን መጠን ቀላቀልሽ፣ በስንት ቀን ደረቀ፣ የቱ ተሰነጠቀ። ለጥናቱ ማስረጃ ይሆናል፣ ለፖርትፎሊዮውም የሥራ ሂደት ማሳያ።

ፎቶውን ቫርኒሽ ሳትቀቢ አንሺ፣ ከተቀባ ያብረቀርቃል። ሁለት ተመሳሳይ መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ፣ ካሜራው ከሥዕሉ መሃል ጋር ትይዩ፣ ፍላሽ የለም። ኤ4 ገጽ ለመሙላት በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ፒክስል ያስፈልግሻል። ሥር ላይ ርዕስ፣ ቁስ፣ ቁመት በወርድ በሴንቲሜትር፣ ዓመት። ወደ ውጭ የምትልኪ ከሆነ ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር ጻፊ፤ ብዙ ልጆች 2016 ብለው ይልኩና ተቀባዩ የድሮ ሥራ ይመስለዋል። ለጋለሪ ስትሰጪ ደግሞ ከሽያጩ የሚወስዱትን ኮሚሽንና ሥራው የሚመለስበትን ቀን በጽሑፍ አስፈርሚ።

የወመዘክር ደንበኛ፦
መምህር፣ የዓመቱ ነገር ለጥናትም ይሠራል፤ ግርጌ ማስታወሻ ላይ ሁለቱን አቆጣጠር የሚያምታታ ብዙ ነው።

ቀለሟ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ መምህር እርስዎን በተለይ። ሻይ የሚጋብዘው ቤት በየት በኩል ነው?