ሪሌው ላይ ክሎዝ ብጫን ብሬከሩ እምቢ አለኝ

ሰላም ጓዶች፣ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ የ15 ኪሎቮልት ፓኔላችን ሪሌ (ብሬከሩን የሚያዘውና መስመሩን የሚጠብቀው መሣሪያ) ኤቢቢ ሬፍ 615 ነው፣ ትናንት ማታ ጥገና ጨርሰን ከፊት ባለችው ቁልፍ ብሬከሩን (የመስመሩን ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) ክሎዝ ላድርግ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ እንዲያልፍ ልዝጋው ብል ወይ ፍንክች፣ ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ሪሌው ላይ የሎካል (ከቦታው የማዘዣ) መብራቷ በርታለች? ካልበራች አር/ኤል (ሪሞት/ሎካል) የምትለዋን ቁልፍ ሁለት ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዛት፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ብሬከሩን ምረጥና ክሎዝ በል። ሪሞት (ከሩቅ ማዘዣ) ላይ ከሆነ የፊቱን ቁልፍ አይሰማም፣ ሎካል ላይ ደግሞ የስካዳውን (ከሩቅ በኮምፒውተር የሚታዘዝበትን ሲስተም)።

ጠያቂው፦ ሎካል ላይ ነው ወላሂ

ሌላ መልስ፦ እንግዲያው ኢንተርሎክ (አደጋ ካለ ብሬከሩ እንዳይዘጋ የሚከለክለው መቆለፊያ) ይዞህ ነው። ኧርዝ ስዊቹ (ለጥገና መስመሩን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው) ተከፍቷል? ትራኩ (ብሬከሩ የተጫነበት ተሽከርካሪ) እስከ ጥግ ገብቷል? ብሬከሩን የሚዘጋው ስፕሪንግስ ቻርጅ ሆኗል (ተወጥሯል)? ኢንተርሎኩን ባይፓስ እንዳታደርገው (እንዳታልፈው) ብቻ አደራ፣ ኧርዝ ላይ ከዘጋህበት የሚፈነዳው ፊትህ ላይ ነው።

ጠያቂው፦ ኧረ ኧርዝ ስዊቹ ነው ባካችሁ 😅 ለጥገናው የዘጋሁት እኔው፣ የረሳሁትም እኔው። ኮምቦልቻ ብቅ ስትሉ ቡና በኔ

መልስ፦ ሪሞት ላይ መመለስ እንዳትረሳ! እኛ ጋ አንዴ ሎካል ላይ ትተነው ኦፕሬተሩ ከስካዳ ሲጫን ሲጫን አመሸ። ትሪፑ (ችግር ሲኖር ሪሌው ብሬከሩን በራሱ የሚያስቆርጥበት) ግን በሎካልም ይሠራል፣ እሱ አያስጋህ።