የሠፈሩ ዳሰሳ ጥናትና የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሦስተኛው ረቂቅ ከሠንጠረዦቹና ከካርታው ጋር ተያይዟል። በጠቅላላ ጉባኤው እንደተወሰነው የምንጠይቀው ገንዘብ ለታችኛው መንገድ የጎርፍ መውረጃ ቦይና የመንገድ መብራት የሚውል ነው። ጥናቱ ያሳየው በታችኛው መንገድ በአንድ ክፍል የሚኖረው ሰው ቁጥር ከሌላው የሠፈሩ ክፍል እንደሚበልጥ፣ አብዛኛውም ተከራይ በመሆኑ በማኅበሩ ውስጥ ድምፅ እንደሌለው ነው። አስተያየት የምቀበለው እስከ ዐርብ ብቻ ነው።

የታችኛው መንገድ ተወካይ፦ ካርታውን ማን ቀባው? የእኛ መንገድ በጥቁር፣ የላይኛው በቢጫ ተቀብቶ ለገንዘብ ሰጪ ሊላክ ነው? ይህ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ አይቀርም፤ ነገ ቤት ሊከራይ ወይም ሊገዛ የሚመጣ ሰው ቢያየው ኪሳራው የማን ነው? ቀለሙ ካልተለወጠ አልፈርምም።

ካርታውን ያዘጋጀው አባል፦ ቀለሙን ከራሴ አላመጣሁትም። ቻርልስ ቡዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1886 ጀምሮ የለንደንን ነዋሪዎች ኑሮ ሲያጠና መንገዶቹን በሰባት ቀለም ለይቶ፣ ለደሃው ጥቁር፣ ለባለጠጋው ቢጫ ሰጥቷል። የታወቀ አሠራር ነው።

የታችኛው መንገድ ተወካይ፦ ቡዝ ለጥቁሩ የሰጠውን መግለጫ ለምን ዘለልከው? በጥቁር የቀባቸውን ምግባረ ብልሹና ከፊል ወንጀለኛ ብሎ ነው የፈረጃቸው። እኛን የምታስተዋውቀን በዚህ ነው?

የላይኛው መንገድ ተወካይ፦ ቢጫውንም እንቃወማለን። ገንዘብ ሰጪው ካርታውን ሲያይ «እነዚህ ባለጠጎች ናቸው፣ ራሳቸው ያዋጡ» ቢል ማን ሊመልስለት ነው? የማኅበሩን መዋጮ ከማንም በላይ የምንከፍለው እኛ መሆናችንም አይረሳ።

ሒሳብ ያዥ፦ ባለ ቀለም ኅትመት ውድ ስለሆነ በግራጫ እርከኖች ይታተምና ክርክሩ ይዘጋ።

የታችኛው መንገድ ተወካይ፦ ደማቁ ግራጫ ለእኛ ከሆነ ምን ተለወጠ?

በስታቲስቲክስ ሙያ የሠሩት አባል፦ ስለ ቀለም የምትጨቃጨቁትን ያህል ስለ መጠይቁ ብትነጋገሩ መልካም ነበር። ጥያቄ 14 «በመንገድ መብራቱና በጎርፍ መውረጃው ረክተዋል?» ይላል፤ አንድ ምልክት ለሁለት ጉዳይ ማለት ነው። ቅጾቹን አገላብጬ እንዳየሁት አንዳንድ መጠይቅ ሰብሳቢዎች በጠርዙ ላይ «መብራቱ አዎን፣ ቦዩ የለም» ብለው በእርሳስ ጽፈዋል፤ ወደ ሠንጠረዡ የገባው ግን «አዎን» የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ ቦይ ይሠራልን የምንልበት ፕሮፖዛል ሰዉ በቦዩ ረክቷል የሚል ሠንጠረዥ ተሸክሟል።

ሌላው፣ የተዞረው በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት በመሆኑ «ዝግ» የተባሉት ቤቶች በብዛት ማልደው ወጥተው ማታ የሚገቡ ተከራዮች ናቸው፤ በራቸው በተከፈተው ቤቶችም የተጠየቀው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ነው። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ሌስሊ ኪሽ በአውሮፓውያኑ 1949 ያሳተመው ዘዴ ከአንድ ቤት ዐዋቂዎች መካከል የሚጠየቀው በሠንጠረዥ እንዲመረጥ የሚያደርገው ይህን ለመከላከል ነው። በዘፈቀደ የተመረጡ 400 መላሾች ውጤቱን ወደ 5 በመቶ በሚጠጋ የስሕተት ወሰን ውስጥ ያስቀምጡታል፤ ወሰኑን በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ያስፈልጋሉ፤ የሚጠየቀው በር ላይ የተገኘው ሰው ከሆነ ግን የቁጥሩ መብዛት አያድንም። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በአውሮፓውያኑ 1936 ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ተነሥቶ ከ2 ሚሊዮን በላይ ምላሽ ሰብስቦ የፕሬዚዳንት ምርጫውን ዕጩው ላንደን ያሸንፋል ሲል፣ ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰደ።

የላይኛው መንገድ ተወካይ፦ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ የቢጫው ጉዳይ ግን አልተመለሰም።

ከመጠይቅ ሰብሳቢዎች አንዷ፦ በፀሐይ የዞርነው ያለ ክፍያ ነው። ያኔ በማታ እንዙር ስንል «በጨለማ ማን ይከፍታል» ብሎ የከለከለን ዛሬ በሰዓቱ የሚወቅሰን ኮሚቴ ራሱ ነው።

ሰብሳቢ፦ ጭቅጭቁ ይብቃ። ተከራዮቹን በማታ ዳግም የሚጠይቁ ሦስት ፈቃደኞች ስማቸውን ያስመዝግቡ።

ካርታውን ያዘጋጀው አባል፦ እኔ አለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ እኔም፣ ከወር መጨረሻ በኋላ ከሆነ።

ተከራይ አባል፦ በእኛ ግቢ ያሉትን ሰዎች ማታ ላገናኛችሁ እችላለሁ። ዝናብ ሲጥል ውኃው ከደጃፍ አልፎ እስከ አልጋው እግር የሚደርስባቸው ቤቶች ቅጽ ላይ «ዝግ» ተብለው መቅረታቸው አግባብ አይደለም። ቡዝንም ካነሣችሁ ከለንደን ነዋሪ 30.7 በመቶው ደሃ መሆኑን ያሳየ፣ በኋላም ለአረጋውያን ጡረታ የተሟገተ ሰው ነው፤ የጡረታው ሕግ በአውሮፓውያኑ 1908 ወጥቷል። ያንን ያመጣው ቁጥሩ እንጂ ቀለሙ አይመስለኝም።

የታችኛው መንገድ ተወካይ፦ ቁጥሩም ቢሆን በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያድር ለባዕድ ማሳየት ነውር ነው። ያ ሠንጠረዥ ከወጣና ካርታው በመስመርና በነጥብ ከተለየ እፈርማለሁ። በቁጣ የተናገርሁት ካለ ይታለፍልኝ።

የላይኛው መንገድ ተወካይ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ለእኛም መግቢያ የጥበቃ ቤት ይጨመር።

ሰብሳቢ፦ የማታ ፈቃደኞች የት ደረሳችሁ? ተከራዩ ሁለት ማታ ጠብቆ የመጣ ሰው እንደሌለ ነግሮኛል።

ጸሐፊ፦ ምላሽ ስላልመጣና የማስገቢያው ቀን ስለደረሰ አራተኛውን ረቂቅ አያይዣለሁ። ካርታው ያለ ቀለም ሆኗል፣ የመጨናነቁ ሠንጠረዥ ወጥቷል፣ የጥበቃ ቤቱ ገብቷል። ሠንጠረዡ በመውጣቱ ለቦዩ የምናቀርበው ማስረጃ ስላነሰ ቦዩ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ተዛውሯል። መብራቱም ከጥበቃ ቤቱ ጋር እንዲያያዝ ከላይኛው መግቢያ ይጀምራል።

ተከራይ አባል፦ ሁለተኛው ምዕራፍ መቼ ነው? በጀቱስ የት ላይ ተጽፏል?

የላይኛው መንገድ ተወካይ፦ በካርታው ላይ የእኛ መንገድ ነጥብ በነጥብ ሆኗል። ነጥቡ ምንን እንደሚያመለክት ከግርጌ ስላልተገለጸ ከመፈረሜ በፊት ይብራራልኝ።