ሊቪን ተቀብቼ ፀጉሬ ነጭ ነጭ አወጣ፣ ነገ ጠዋት ሚዜ ነኝ ድረሱልኝ

የሙሽራዋ እህት (አርብ ማታ 2:50)
ሰላም ቤቶች ኧረ ባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ሊቪን ኮንዲሽነር (ያው ተቀብተው ሳይታጠቡ ፀጉር ላይ ሚተውት ማለስለሻ) ተቀብቼ ፀጉሬ በሙሉ ነጭ ነጭ ነገር አወጣ፣ ይጣበቃል፣ ሚዶ አይገባውም። ነገ እህቴ ኮምቦልቻ ነው ምትዳረው እኔ አንደኛ ሚዜ ነኝ፣ ከደሴ 12 ሰዓት ተኩል እንወጣለን ፀጉር ቤት 2 ሰዓት ተቀጥሬያለሁ፣ ፀጉር ሠሪዋ ደሞ ነገ ሰው ይበዛል ታጥበሽ ነይ ብላኛለች። የጓደኛዬ ፀጉር በሱ ሲያብረቀርቅ አይቼ ነው የገዛሁት፣ እሷ ላይ እንደዚህ አይልም። ምን ላድርግ???

የጦሳ ልጅ (2:53)
ታጠቢው

ቦርከና 21 (2:55)
ታጠቢዋ እህቴ ሌላ ምን መላ አለው። ደሞ አብሽሪ፣ ሰው ሚያየው ሙሽራዋን ነው ሃሃሃ

የሙሽራዋ እህት (2:57)
ሰፈራችን ውሃ ከሄደ ዛሬ 4 ቀኑ ነው!! ቤት ያለው አንድ ጀሪካን ተኩል ነው እሱም ከማብሰያው ጋር። መታጠቡንማ እኔም አውቀዋለሁ፣ በዚች ውሃ እንዴት ነው ምታጠበው ነው ጥያቄዬ፣ ታጥቤስ ተመልሶ እንደዚህ ቢሆንብኝ?

እናት ከሆጤ (3:02)
የኔ ልጅ መጀመሪያ አይዞሽ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ አትቀየሚኝ፣ ይሄ ሊቪን ምትሉት ነገር ለኛ ፀጉር አልተሠራም። እኛ ያደግነው ለጋ ቅቤ በአደስ ተለውሶ አናታችን ላይ ጉብ ተደርጎልን ነው፣ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለን በጆሯችን ጀርባ እየወረደ፣ ማታ በሻሽ ጥፍር ተደርጎ ይታደራል። በሦስተኛው ቀን ሲታጠብ ፀጉሩ እንደ ሐር ነው። ሽታውስ ብትይ፣ የአደሱ ሽታ እስከዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ሠርግ ሲሆን ደሞ ሹሩባ ተሠርቶ አለቀ። አሁን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ ትቀቡና ፀጉራችሁን ታስለቅሱታላችሁ።

የሙሽራዋ እህት (3:05)
እትዬ ቅቤማ ተቀብቻለሁ እኮ፣ ማክሰኞ ማታ እማዬ ቀብታኝ ነበር ለሠርጉ ይለስልስ ብላ። ሊቪኑን ትናንት ነው በላዩ ያረግኩት

ፀጉር ሠሪ ኮምቦልቻ (3:06)
ቆይ ቆይ። ቅቤው ሳይታጠብ ነው በላዩ ሊቪን ያረግሽው?

ሀቁን ልናገር (3:08)
እኔ ምለው ሊቪን ሊቪን ትላላችሁ እንጂ ነጭ ነጩ ፎሮፎር ቢሆንስ? ብርድ ሲመጣ የኔም ራስ እንደዚህ ነው ሚሆነው። ደሴ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ሰው ካልታጠበ ፎሮፎር ይነሳበታል፣ ኮንዲሽነሩን በከንቱ አትክሰሱት። ለፎሮፎር የሚሆን ሻምፖ ከፋርማሲ ግዢ

የሙሽራዋ እህት (3:11)
ፎሮፎር አይደለም ራሴ ቅሉ ላይ ምንም የለም፣ ከመሃሉ እስከ ጫፉ ነው ያለው። በሁለት ጣቴ ስፈትገው ቶሎ አይደቅም እንደ ማስቲሽ ይንከባለላል፣ እጄ ላይ ቅባት ይቀራል። አዎ ቅቤው አልታጠበም ነበር። ጄልም አድርጌበታለሁ ዳር ዳሩን ልያዝ ብዬ ከዛ ወደ ውስጥም ሳብኩት። ቅቤና ጄል ይሄን ያህል ነገር ነው እንዴ?

ኬሚስትሪ ወዳድ (3:20)
በቃ ነገሩ ተገኘ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን አንብቢው ምክንያቱም ሌላ ጊዜም ይጠቅምሻል። ኮንዲሽነር ውስጥ ያሉት ማለስለሻዎች ፖዘቲቭ ቻርጅ ነው ያላቸው። ፀጉር ደሞ ኔጌቲቭ ነው፣ በካውያ በቀለም በሪላክሰር (ከርዳዳ ፀጉር በሚያላላው ኬሚካል) ሲጎዳ ኔጌቲቭነቱ ይብሳል፣ ለዛ ነው ኮንዲሽነር የተጎዳው ጫፍ ላይ በደንብ ሚይዘው። አሁን ብዙዎቹ ጄሎች የሚወፍሩት ካርቦመር በሚባል ነገር ነው፣ እሱ ደሞ ኔጌቲቭ ነው። ሁለቱ ፀጉርሽ ላይ ሲገናኙ ተያይዘው ይረጋሉ፣ ነጩ ማስቲሽ ያልሽው እሱ ነው። ሁሉም ጄል ከሁሉም ሊቪን ጋር አይጣላም ግን ያንቺዎቹ የተጣሉ ይመስለኛል። ቅቤው ደሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ሊቪን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ቅባት የለበሰ ፀጉር ላይ ሲደረግ መግቢያ ያጣና እላዩ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ሌላው የፀጉር ዓይነት ሚባል ነገር አለ፣ የኦፕራ ዊንፍሬይ ፀጉር ሠሪ የነበረው አንድሬ ዎከር በ1990ዎቹ ያወጣው አከፋፈል ነው፣ 1 ቁጥር ሉጫ፣ 2 ሞገድ ያለው፣ 3 ጥቅልል፣ 4 ከርዳዳ፣ በየውስጣቸው ደሞ ኤ ቢ ሲ እየተባሉ ይከፈላሉ። የጓደኛሽ ፀጉር 2 ቁጥር ሆኖ ያንቺ 4 ቁጥር ከሆነ

ቦርከና 21 (3:22)
ወንድሜ ልጅቷ ነገ ሚዜ ናት ማትሪክ አልተቀመጠችም

ጨፌ (3:23)
ታጠቢው በቃ

የሙሽራዋ እህት (3:24)
እሺ እንዴት ልታጠብ?? በአንድ ጀሪካን?

ፀጉር ሠሪ ኮምቦልቻ (3:31)
እህቴ እኔ ኮምቦልቻ ፀጉር ቤት አለኝ፣ ውሃ ሲጠፋ በቀን ብዙ ራስ በጀሪካን ነው ማጥበው ስለዚህ ተረጋጊ። ግማሽ ጀሪካን 10 ሊትር ይበቃሻል፣ ሙሉውን ለማብሰያ ተዪው። ውሃው ግን ለብ ማለት አለበት፣ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ሞተሽ አይለቅም፣ 30 ምናምን ዲግሪ ላይ ነው ሚቀልጠው የደሴ ውሃ ደሞ ታውቂዋለሽ ማታ በረዶ ነው፣ በዛ ከታጠብሽ ቅቤው ፀጉርሽ ላይ ይረጋል እንጂ አይወርድም። ሦስት አራት ሊትር አፍልተሽ ከሌላው ጋር ቀላቅይው፣ እጅሽ ሲነካው ደስ ሚል ሙቀት ይሁን።

ከዛ ፀጉርሽን አራት ቦታ ክፈይና እያንዳንዱን ላላ አድርገሽ ጠቅልዪው እንዳይተበተብ። ባዶ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ፈልጊ፣ ሩቡን ሻምፖ ሌላውን ለብ ያለ ውሃ አድርገሽ ነቅንቂው፣ ክዳኑን በመርፌ ብሺው። በአንድ ጆግ ውሃ ፀጉርሽን አርሺ፣ ከሃይላንዱ ሥሩ ሥሩን እየረጨሽ በጣትሽ ሆድ እሺው በጥፍር አይደለም። ያን ነጭ ነገር በሚዶ ለማውጣት እንዳትታገዪ ፀጉሩን ይዞት ነው ሚመጣው፣ ሻምፖው ሲደርሰው በጣቶችሽ መሃል ወደታች እየጨመቅሽ አሳልፊው። መጀመሪያ አረፋ አይወጣም ቅቤው ነው ሚውጠው አትደንግጪ፣ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለሽ በጆግ ቀጠን እያረግሽ አፍስሺበት። ሁለተኛው ዙር ላይ አረፋ ካወጣ ለቋል ማለት ነው። ካላወጣ ሦስተኛ ድገሚው። ሳፋ ላይ የወረደውን ውሃ እንዳትደፊው ለሽንት ቤት ይሆናል። እሺ አሁን ንገሪኝ ፀጉርሽ ምን ዓይነት ነው፣ ሪላክሰር አለው? ካውያ?

የሙሽራዋ እህት (3:34)
ሪላክሰር የለውም። ጥቅልል ነው ወፍራም፣ ጫፉ ግን ፔስትራ (የፀጉር መተኮሻው) በዝቶበት ተበልቷል። ውሃ ጥጃለሁ

ፀጉር ሠሪ ኮምቦልቻ (3:40)
ጎበዝ። እንግዲህ ከታጠብሽ በኋላ በፎጣ አትፈትጊው፣ ያረጀ ከናቴራ ካለ በሱ ጫን ጫን አድርገሽ ውሃውን ምጠጪው። መንጠባጠብ ሲያቆም ግን ገና እርጥብ እያለ ሊቪኑን አድርጊ። ሁለት እጅ አይደለም! ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሽምብራ ታክል፣ መዳፍሽ ላይ እሺው፣ ከጫፉ ጀምረሽ ወደ መሃል፣ የተበላው ጫፍ ላይ ትንሽ ጨምሪ፣ ራስ ቅልሽን አይንካው። ጄል የለም ዛሬ። ሰፋ ባለ ሚዶ ከታች ወደ ላይ እየፈታሽ አራት ሹሩባ ጎንጉነሽ በሻሽ እደሪ። ነገ ፎን ይሁን ፔስትራ ልጅቷ ከመጀመሯ በፊት ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ፔስትራው ሲነካው ጭስስስ ካለ ፀጉርሽ ውስጥ ውሃው እየፈላ ነውና አስቁሚያት፣ ጫፍሽ የተበላው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

እናት ከሆጤ (3:44)
ይቺ ልጅ እውነቷን ነው፣ ለብ ያለ ውሃ የግድ ነው። እኛም ቅቤ በሞቀ ውሃ ነበር ምንታጠበው። ግን ቅቤውን አትውቀሱት፣ ቅቤው በቦታው ቢሆን ምንም አላረገም ነበር።

ፀጉር ሠሪ ኮምቦልቻ (3:47)
እትዬ እኔም ቅቤ አልጠላም፣ እናቴ እስከዛሬ ትቀባኛለች። ተራቸው ስለተገለበጠ ነው። ቅቤ ከመታጠብ በፊት ነው፣ ሊቪን ከታጠቡ በኋላ ነው። ቅባት ያስፈልገኛል ምትል ካለች ሊቪኑ መጀመሪያ ይገባል፣ ቅባቱ በላዩ ስስ ሆኖ እርጥበቱን ይይዝለታል።

የሁለት ልጆች እናት (4:02)
ሠርግ ባይኖርብኝም ልጠይቅ በዚሁ። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ አንዷ ያባቷን ይዛ ዞማ ናት ፀጉሯ ቀጭን ነው፣ ትንሿ ደሞ ከርዳዳ እንደኔ። አንድ ሊቪን ገዝቼ ለሁለቱም ሳደርግ ትልቋ ላይ በሰዓት ውስጥ ሳትታጠብ የከረመች ይመስላል፣ ትንሿ ላይ ደሞ ምንም እንዳላረግኩ ከሰዓት ደርቆ ይጠብቀኛል። ሁለት ዓይነት ልግዛ?

ፀጉር ሠሪ ኮምቦልቻ (4:15)
የግድ ሁለት አትግዢ፣ አጠቃቀሙን ለዪው። ቀጭን ፀጉር ክሬም አይችልም ይከብደዋል፣ ለትልቋ ትንሽ ስፕሬይ ዕቃ ውስጥ አንድ ማንኪያ ሊቪን በአምስት ስድስት ማንኪያ ውሃ አቅጥነሽ ጫፍ ጫፉን ብቻ እፍ እፍ አድርጊላት፣ አናቷ ላይ በጭራሽ። የቀጠነውን ግን በሦስት አራት ቀን ጨርሺው ወይ ድፊው፣ ውሃ ሲገባበት እንዳይበላሽ የተደረገበት ነገር ይቀጥንና ይሻግታል፣ ፈልቶ የበረደ ውሃ ተጠቀሚ። ለትንሿ ደሞ ሳታቀጥኚ ክሬሙን እንዳለ፣ ግን ፀጉሯ እርጥብ ሆኖ። ደረቅ ላይ ቀብተሽላት ከሆነ ለዛ ነው ማይታወቅሽ፣ ሊቪን የሚይዘው ያለውን ውሃ ነው፣ ከሌለ ምን ይይዛል? በላዩ ጠብታ የጉሎ ዘይት ወይ የወይራ፣ ከዛ ጎንጉኚው። ሹሩባ ከተሠራች በየሁለት ሦስት ቀኑ የትልቋን ስፕሬይ ሹሩባው ላይ ትንሽ ንፊላት።

ኬሚስትሪ ወዳድ (4:18)
ያቋረጣችሁኝ ይሄንኑ ልል ስል ነው። ቁጥሩ ብቻ አይበቃም ውፍረትና ውሃ አጠጣጥም አለ። አንዳንድ ፀጉር ውሃ ሲፈስበት እንደ ኮባ ቅጠል ተንከባሎ ይወርዳል፣ እንደዛ ዓይነቱ ሊቪን ሲደረግ ፀጉሩ ሞቅ ቢል ይሻለዋል፣ ክሬም ከበዛበትም እላዩ ላይ ይከመራል። ቀለም የገባው ፀጉር ደሞ ውሃ ወዲያው ይጠጣል ወዲያው ይደርቃል፣ እሱ ላይ ነው ክሬምና ቅባት ተደራርቦ ሚያስፈልገው።

ሀቁን ልናገር (4:25)
እኔ አሁንም ፎሮፎሩ ይታይ ባይ ነኝ

የሙሽራዋ እህት (4:51)
ሁለተኛው ላይ አረፋ አወጣ!!!! ነጩ ብዙው ሄዷል አንገቴ ጋ ትንሽ ቀርቷል። ሦስተኛ ልድገም ወይስ ውሃው እንዳያልቅብኝ በቃ ልተወው

ፀጉር ሠሪ ኮምቦልቻ (4:53)
እዛች ቦታ ላይ ብቻ ድገሚው ሙሉውን አይደለም። ከዛ ንጹህ ውሃ ሁለት ጆግ ለማለቅለቂያ ይኑርሽ፣ ሻምፖ ከቀረበት ነገም ነጭ ነው ሚሆነው

የጦሳ ልጅ (ቅዳሜ ቀን 9:10)
እህት እንዴት ሆነ? ሠርጉ ላይ ነሽ መሰለኝ። የኔ እህትም ከጎኔ ሆና እየጠየቀችኝ ነው ምን ሆነች እያለች

የሁለት ልጆች እናት (እሁድ ጠዋት 3:30)
ፀጉር ሠሪዋ እግዜር ይስጥሽ፣ ለትልቋ አቅጥኜ አረግኩላት ፀጉሯ ሳይተኛ ዋለ። የትንሿን ገና ዛሬ አጥቤ ነው ምሞክረው። ግን አንድ ነገር፣ የተልባ ጄል እቤት አፍልቼ ነው ምጠቀመው፣ እሱም ከሊቪን ጋር ይጣላል?

ኬሚስትሪ ወዳድ (3:41)
በግምት ከመናገር እጅሽ ላይ ሞክሪው። ሽምብራ ታክል ሊቪን መዳፍሽ ላይ፣ ያን ያህል ጄል በላዩ፣ በጣትሽ ለአንድ ደቂቃ ያህል አዋህጅው። ልሙጥ ሆኖ ከቀረ ይስማማሉ። ከተቆራረጠ ሁለቱን አንድ ቀን አትጠቀሚ። ማንኛውንም አዲስ ጄል ስትገዢ እንደዚሁ።

ጨፌ (3:58)
እኔ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አሁን ተነስቼ ከሱቅ የገዛሁትን ጄልና ሊቪኔን መዳፌ ላይ አዋሃድኳቸው። መጀመሪያ ልሙጥ ነበር፣ አሸት አሸት ሳረገው እንደ አይብ ተቆራረጠ፣ ውሃው ለብቻው ወጣ። በየሳምንቱ ሁለቱን አንድ ላይ ነበር እኮ ማደርገው።

የጦሳ ልጅ (4:20)
ሚዜዋ ግን ዝም አለች እኮ