የልውውጥ ተማሪ ዊዝድሮዋል ይሞላል ወይስ ተመዝግቦ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ «ከጣና ዳር»

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባሕር ዳር የምማር የውኃ ሀብት ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ትምህርት ክፍላችን ከአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተፈራረመው የኢራስመስ ፕላስ (የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም) ስምምነት መሠረት ለመጪው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር በልውውጥ እንድሄድ ታጭቻለሁ። ከተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የመጣልኝ ደብዳቤ የትምህርት ክፍያ እንደማልጠየቅና ወርኃዊ ድጎማ እንደሚሰጠኝ ከገለጸ በኋላ፣ እዚያ በምቆይበት ጊዜ ሁሉ በላኪው ዩኒቨርሲቲ የተመዘገብሁ ተማሪ ሆኜ መዝለቅ እንዳለብኝ ያሳስባል።

ግራ ያጋባኝ ይኸው ነው። ከዚህ ቀደም ወደ ውጭ የሄዱ የማውቃቸው ተማሪዎች «ዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልተሽ፣ ክሊራንስሽን (ከዩኒቨርሲቲው ንብረትና ዕዳ ነፃ መሆንሽን የሚያሳየውን ወረቀት) ጨርሰሽ ሂጂ፤ ስትመለሺ በሪአድሚሽን (በድጋሚ ቅበላ) ትቀጥያለሽ» ነው ያሉኝ። ዊዝድሮዋል የሞላ ተማሪ ደግሞ የተመዘገበ ሊባል የሚችል አይመስለኝም። ከዚህም ሌላ በአራተኛ ዓመት አንደኛው ሴሚስተር ብቻ የሚሰጡ ኮርሶች ስላሉ፣ እዚያ የምማረው በእነሱ ምትክ ካልተያዘልኝ ከክፍል ጓደኞቼ አንድ ዓመት ወደ ኋላ እንዳልቀር እሰጋለሁ። ደንቡን የምታውቁ፣ በተለይም በሬጅስትራር ወይም በውጭ ግንኙነት ቢሮ የሠራችሁ፣ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ «ሽምብጥ»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ዊዝድሮዋል እንዳትሞዪ። እነዚያ ተማሪዎች የሄዱት ሙሉ ዲግሪ በሚያስገኝ ስኮላርሺፕ ይመስለኛል፤ ከሆነ የእነሱና የአንቺ ጉዳይ ለየቅል ነው። እኔ በልውውጥ ስሄድ በሬጅስትራር መዝገብ ላይ ተማሪነቴ አልተቋረጠም። የመኝታ ክፍሌን ቁልፍና የቤተ መጻሕፍቱን መጻሕፍት መልሼ፣ ኮርሶቼን በተመለከተ ግን በዲፓርትመንት ካውንስል (በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ) የጸደቀ ወረቀት አስይዤ ነበር የወጣሁት። ዝርዝሩን ከእኔ በተሻለ የሚያውቁ መምህራን እዚህ ስላሉ ለእነሱ ልተወው።

መልስ፦ «የቀድሞ አስተባባሪ»

ጠያቂዋ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ማንበቧ የሚያስመሰግናት ነው፤ ብዙ ተማሪ ድጎማው የተጻፈበትን መስመር ካየ በኋላ ወረቀቱን ያጥፈዋል። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ግንኙነት ሥራን ለተወሰኑ ዓመታት ስላስተባበርሁ የማውቀውን ላካፍል።

ወደ ውጭ ሄዶ መማር ተብሎ በአንድ ስም ቢጠራም በደንብ ረገድ የማይገናኙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው እንደ ኢራስመስ ሙንዱስ ያለው የሙሉ ዲግሪ ስኮላርሺፕ ነው። አመልካቹ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲዎቹ ጥምረት ያመለክታል፤ ላኪ የሚባል ተቋም የለም፤ ዲግሪውንም የሚሰጡት እነሱ ናቸው። እዚህ የጀመረውን ትምህርት አቋርጦ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ዊዝድሮዋል ቢሞላ ያስኬዳል። ሁለተኛው የአንቺ ዓይነቱ የክሬዲት ልውውጥ ሲሆን፣ ተማሪ ከመሄዱ በፊት በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የተፈረመ ስምምነት ሊኖር ይገባል፤ መርጦ የሚያጭሽ የራስሽ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስትጨርሺም የምትቀበዪው የእርሱን ዲግሪ ነው። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ከትምህርት፣ ከምዝገባ፣ ከፈተና፣ ከላቦራቶሪና ከቤተ መጻሕፍት ክፍያ ነፃ የሚያደርግሽ የሌላ ተቋም ተማሪ በመሆንሽ ስለሆነ፣ ዊዝድሮዋል በሞላሽበት ቀን ያ መሠረት ይናዳል። ሦስተኛው መምህር እየመራ የሚወስደው የአጭር ጊዜ የቡድን ፕሮግራም ነው፤ ጥያቄሽ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

ከአሁን በኋላ ዓይንሽን ልትነቅዪበት የማይገባው ሰነድ ለርኒንግ አግሪመንት (የትምህርት ስምምነት) የሚባለው ነው። የሚፈርሙት አንቺ፣ ላኪው እና ተቀባዩ ናችሁ። በውስጡ ሠንጠረዥ ኤ እዚያ የምትወስጃቸውን ኮርሶች ይዘረዝራል፤ ሠንጠረዥ ቢ ደግሞ በእነሱ ምትክ እዚህ የሚያዙልሽን። ሠንጠረዥ ኤ ግጥም ብሎ ተሞልቶ ሠንጠረዥ ቢ ባዶውን፣ ወይም «ስትመለስ ይወሰናል» ተብሎበት የተፈረመ ወረቀት በተደጋጋሚ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ወረቀት ፋይሉን ያሟላ ይሆናል፤ ለሬጅስትራር ግን የሚነግረው ነገር የለም፤ ተማሪዋ ከተመለሰች በኋላም ከቢሮ ቢሮ ስትመላለስ ሴሚስተሩ ይጋመሳል።

የክሬዲቱ ቁጥር ብዙም አያስቸግርም። በአውሮፓ ሙሉ የትምህርት ዓመት 60 ኢሲቲኤስ (የአውሮፓ የክሬዲት መለኪያ)፣ ሴሚስተሩ 30 ነው፤ አንዱ ኢሲቲኤስ የግል ጥናትን ጨምሮ ከ25 እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ የተማሪ ሥራን ይወክላል። በእኛ ሥርዓተ ትምህርት 3 ክሬዲት አወር የሆነ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ስለሚጻፍ ንጽጽሩ በቀላሉ ይሠራል። የሚያከራክረው ይዘቱ ነው። «ሃይድሮሎጂ» የሚል ርእስ በሁለቱም ዘንድ ቢኖርም፣ የእነሱ ስለ በረዶ መቅለጥ ሰፊ ምዕራፍ ይዞ ስለ ክረምት ዝናብ ጎርፍ በጥቂቱ የሚያልፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ኮርስ ሲላበስ (የይዘት ዝርዝር) አውጥተሽ፣ እዚህ ያንን ኮርስ ለሚያስተምረው መምህር አሳዪና አስተያየቱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ከዚያ ጉዳዩ በዲፓርትመንት ካውንስል ይታይ፤ በኮሌጁ ወይም በኢንስቲትዩቱ አካዳሚክ ኮሚሽን መጽደቅ ካስፈለገውም ይጽደቅ፤ ቅጂው ሳትሄጂ ለሬጅስትራር ገቢ ይሁን። በአንድ ኃላፊ ፊርማ ብቻ አትተማመኚ፤ ኃላፊው ሊቀየር ይችላል፣ ቃለ ጉባኤው ግን ፋይል ውስጥ ይኖራል። እስከ የት ድረስ መጽደቅ እንዳለበት የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጂስሌሽን (የውስጥ መተዳደሪያ ደንብ) ስለሆነ፣ የክሬዲት ትራንስፈር አንቀጹን ጠይቀሽ ራስሽ አንብቢው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪዎች የሚጠይቁት ዘግይተው ስለሆነ ነው። የምታመጪው ውጤት ሲጂፒኤሽ (አጠቃላይ አማካይ ነጥብሽ) ውስጥ ይገባል ወይስ ክሬዲቱ ብቻ ይያዛል? አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት። በፈረንሳይ ከሃያ 14 ያገኘ ተማሪ ጥሩ ውጤት አመጣ ይባላል፤ ያንኑ ወደ እኛ የ4.00 መለኪያ በቀጥታ ካሰሉት ግን 2.80 ይሆናል። በእንዲህ ያለ ስሌት ነጥቡ የወረደበት ጎበዝ ተማሪ ቅር ቢለው አልፈርድበትም። በእኔ እምነት ክሬዲቱን ብቻ መያዝ ለተማሪውም ለሬጅስትራሩም የሚበጅ ነው፤ የማይስማሙ ባልደረቦች እንዳሉ ግን አውቃለሁ።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ፦ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ የልውውጥ ተማሪ የወር ድጎማው እንደ አገሩ ከ800 እስከ 900 ዩሮ ሲሆን፣ ለጉዞ በርቀት የሚሰላ ክፍያ ይታከልበታል። የመጀመሪያው ክፍያ ከደረስሽ በኋላ የሚገባ ከሆነ የቪዛ፣ የኢንሹራንስና የቤት ቀብድ ወጪ በቅድሚያ ከእጅሽ ሊወጣ ስለሚችል፣ ክፍያው መቼ እንደሚፈጸም አሁኑኑ ጻፊና ጠይቂ። የወጪ መጋራት ውልን በተመለከተ ደግሞ የካፌና የዶርም ተጠቃሚ ያልሆንሽበት ሴሚስተር ተለይቶ እንዲመዘገብልሽ በደብዳቤ አመልክቺ፤ ዝም ካልሽ እንደ ተጠቃሚ እንዳትቆጠሪ።

መልስ፦ «የመስክ መምህር»

አስተባባሪው ያለፉትን ሦስተኛውን ዓይነት፣ መምህር የሚመራውን የቡድን ፕሮግራም፣ ላንሣው፤ ስምምነቱ የሁለትዮሽ ከሆነ በተራው ከዚያ ወደ ጣና የሚመጣ ቡድን መታሰቡ አይቀርምና። ብዙ ባልደረቦቼ የግብዣ ደብዳቤ ከተላከ ቡድኑ የሚመጣ ይመስላቸዋል። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ፕሮግራም የሚያጸድቁት ግን ኮርሱን፣ መሪውን፣ መሪው ቢታመም የሚተካውን ሰው፣ የድንገተኛ ጊዜ ዕቅዱንና ኢንሹራንሱን አንድ ላይ መርምረው ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የጉዞ ማሳሰቢያ አራት ደረጃ ያለው ሲሆን፣ በርካታ የአገሩ ዩኒቨርሲቲዎች ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ወደ ተሰጠው ስፍራ ተማሪ አይልኩም፤ ቢልኩም በልዩ ኮሚቴ ፈቃድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ካለው ግጭት የተነሣ የወጡት ማስጠንቀቂያዎች ከእኛ ፈቃደኝነት በላይ ናቸው፤ የመንግሥትን ምክር ተላልፎ የተጓዘን ሰው ብዙ ኢንሹራንስ አይሸፍንምና። ለጊዜው የሚያዋጣው በሁለቱም ወገን ያሉ ተማሪዎች በኢንተርኔት አንድ ኮርስ አብረው የሚወስዱበት አሠራር ነው።

ያም ሆኖ መንገዱ ሲከፈት የሚያስፈልገውን ደንብ ከአሁኑ መጻፍ ይቻላል። የሚረሳው የናሙና ጉዳይ ነው። በአልኮል የተነከረ የአምባዛ ዓሣ ሥጋ ቁራጭ በትንሽ ብልቃጥ አድርጎ ሻንጣ ውስጥ መክተት ለእንግዳው ተማሪ ቀላል ነገር ይመስለዋል፤ በእኛ ሕግ ግን በ1998 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 482 መሠረት የጄኔቲክ ሀብትን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው፤ ፈቃዱ የሚጠየቀውም ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ጥበቃ የሚደረግለት የተፈጥሮ ክልል) ሆኖ የተመዘገበ መሆኑም ጥንቃቄውን ያበዛዋል። በሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ ስላለ እግርን ነክሮ ናሙና መልቀም በደንቡ ውስጥ በግልጽ መከልከል አለበት፤ የጎማ ቦቲ በተማሪዎቹ ቁጥር ልክ በዕቃ ዝርዝሩ ይግባ። ጀልባው ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬት ይያዝ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚያይል የመልስ ጉዞው ከዚያ በፊት ይሁን። ወደ ገዳማት መሄድ በፕሮግራሙ ካለ ደግሞ ክብራን ገብርኤል ሴቶች ስለማይገቡበት፣ የቡድኑን ግማሽ ጀልባ ላይ ከማስቀመጥ ዘጌ ላይ ያለውን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን መምረጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ከጣና ዳር»

መምህራን ሆይ፣ ስለ ሰፊው ማብራሪያችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአስተባባሪው ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። አንደኛ፣ የሠንጠረዥ ቢን ጉዳይ ይዤ ስሄድ «አንድ ለአንድ ካልተዛመደ አይያዝም» ብባልስ ምን እላለሁ? እዚያ ካሉት ኮርሶች መካከል ከእኛ ሁለት ኮርሶች ጋር በከፊል የሚገናኝ አንድ ትልቅ ኮርስ አለ። ሁለተኛ፣ ስመለስ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ኢንተርንሺፕ (የተግባር ልምምድ) ይጠብቀኛል፤ የእነሱ ፈተና የሚያልቀው ጥር ማብቂያ ላይ ስለሆነ ትራንስክሪፕቱ ሳይደርስ ምዝገባ እንዳያልፈኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ «የቀድሞ አስተባባሪ»

ለመጀመሪያው፦ ኢራስመስ ፕላስ አንድ ለአንድ መዛመድን አይጠይቅም፤ በሠንጠረዥ ኤ ያለው የኮርሶች ስብስብ በሠንጠረዥ ቢ ያለውን ስብስብ በጥቅሉ ሊተካ ይችላል። የአንቺን ትልቅ ኮርስ ከሌላ ተጓዳኝ ኮርስ ጋር አጣምረሽ የሁለቱን ኮርሶች ምትክ አድርገሽ አቅርቢው። ካውንስሉ ባይቀበለው አንዱን ኮርስ ብቻ አስይዢና ሁለተኛውን ስትመለሺ መቼ እንደምትወስጂው በዚያው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲጻፍልሽ አድርጊ። እዚያ ከደረስሽ በኋላ ኮርስ ቢሰረዝ ወይም ሰዓቱ ቢጋጭ፣ ሴሚስተሩ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጡን በዚያው ሰነድ የለውጥ ክፍል ሞልተሽ ሦስቱም ወገን እንዲፈርሙ አድርጊ፤ ያልተፈረመበት ለውጥ የሚቆጠረው እንዳልተደረገ ነው።

ለሁለተኛው፦ ትራንስክሪፕቱ የፈተናው ጊዜ ካበቃ በኋላ የሚላክበት ጊዜ በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት ላይ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት ሳምንት አይበልጥም። ያ ለእኛ ምዝገባ የሚዘገይ ስለሆነ፣ ከመመለስሽ በፊት ከዚያው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ የወሰድሻቸውን ኮርሶችና የተፈተንሽበትን ቀን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘሽ ነዪ፤ በእርሱ መሠረት ውጤቱ እስኪመጣ በጊዜያዊነት እንድትመዘገቢ ትምህርት ክፍሉ ለሬጅስትራር እንዲጽፍ አሁኑኑ ከሌላው ጋር አብረሽ አስወስኚ። ስምሽም በፓስፖርትሽና እዚህ ባለው ትራንስክሪፕትሽ ላይ በአንድ ዓይነት ፊደላት የተጻፈ መሆኑን፣ ቀኖቹም በአውሮፓ አቆጣጠር የተቀመጡ መሆናቸውን ተመልከቺ። በ2017 ዓ.ም. የወሰድሽውን ኮርስ እነሱ በራሳቸው 2017 እንደተወሰደ ቆጥረው፣ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳትገቢ የተማርሽው ነው ወይ ብለው ሊጠይቁሽ ይችላሉ። የኢንተርንሺፕ መሥሪያ ቦታሽንም ከመሄድሽ በፊት ከአስተባባሪው ጋር ጨርሺ፤ ክፍል ጓደኞችሽ የሚመደቡት አንቺ እዚያ ፈተና ላይ ሆነሽ ነው።