በኅዳር ወደ አንኮበር፦ ለማኅበራችን የእግር ጉዞ የቀረበ ሐሳብ

ከጸሐፊዋ፦
ጤና ይስጥልኝ አባላት። የዘንድሮው የዕረፍት ጉዟችን ከኅዳር 9 እስከ 13 ወደ ሰሜን ሸዋ ቢሆን ብዬ አስቤአለሁ። ደብረ ብርሃን አድረን በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወደ መንዝ ጓሳ፣ ስንመለስ አንኮበር። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ማየት የብዙዎቻችን የቆየ ምኞት ነው። እኔን ደግሞ የጓሳው አጠባበቅ ይስበኛል፦ የመንዝ ሰዎች 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህለውን ያን ሣር «ቄሮ» በሚሉት የቀድሞ የጋራ መሬት ሥርዓት ለዓመታት ይዘጉትና ቀኑ ሲደርስ ከፍተው ለቤት ክዳን ያጭዱት ነበር። የጎደለውን ሙሉልኝ።

አንኮበር ከተወለደው አባል፦
እህታችን፣ ስለ ልፋትሽ እናመሰግናለን። ነገር ግን በዚህ ዕቅድ ቀኑን የምናሳልፈው መኪና ውስጥ ነው። አምና እንዲሁ ስንጣደፍ ቆይተን የወረድንበትን መንደር ስም የሚያስታውስ ጠፋ። ጓሳ ለብቻው ሌላ ዓመት ይገባዋል፤ ዘንድሮ አንኮበር ላይ እንቀመጥ።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ሲገዙ መናገሻቸው ነበረች። አንዱን ቀን ለመንደሮቹ እንስጠው። በኅዳር ገብሱ ይታጨዳል፤ አውድማ ላይ በሬዎቹ ሲዞሩ፣ ገበሬው ከኋላ ሆኖ ሲያወድሳቸው ተቀምጦ ማዳመጥ ራሱን የቻለ ውሎ ነው። በማግስቱ ወደ አልዩ አምባ እንውረድ። የድሮ ነጋዴዎች ከቆላው ጨው ጭነው የሚመጡበት ገበያ ነው። ጠዋት ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሰው እግረ መንገዱን ጋቢውን ትከሻው ላይ ያደርገዋል፣ ቆየት ብሎ ሹራቡን ያወልቃል፤ ገብስና ባቄላው ከኋላ ቀርቶ ማሽላው ይቀበለዋል። ይህን ለውጥ በመስኮት አያገኙትም።

ከአንጋፋው አባላችን፦
ልጄ፣ ያልከው ልቤን ነክቶታል። ዳገቱን ቀስ እያልኩ እወጣዋለሁ፤ ቁልቁለቱ ግን ጉልበቴን ይጨርሰዋል። እኔን ስትጠብቁ እናንተም እንዳትጉላሉ እሰጋለሁ።

አንኮበር ከተወለደው አባል፦
ጋሼ፣ እርስዎን ትተን የትም አንሄድም። ወደ አልዩ አምባ የመኪና መንገድ አለ። እስከ ቻሉት ከእኛ ጋር ይወርዳሉ፣ ከዚያ መኪናው ይወስድዎታል፤ ስንመለስም ሁላችንም በመኪና ነው የምንወጣው። ዱላ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለሁላችንም ያስፈልጋል።

ከገንዘብ ያዥ፦
እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሃያ ሰው ሆነን መንደር ስንገባ ሰዉ ሳያበላን አይሸኘንም። ለራሱ ሳይተርፈው ጓዳውን ያራግፍልናል። ለእያንዳንዱ ቤት የሚሰጥ ገንዘብ በበጀቱ ይያዝ?

አንኮበር ከተወለደው አባል፦
በፍጹም። እናቴ ሰፌድ ሙሉ ቆሎ አቅርባ፣ እንግዳው ብር ቢዘረጋላት ለሳምንት ትቀየማለች። «ቤቴን ሆቴል አደረገው» ነው የምትለው። ያለ ምንም መሄድም አይገባም። ቡናና ስኳር ይዘን እንግባ፤ ባዶ እጁን ያልመጣ እንግዳ አያሳፍርም። ገንዘቡ በተገቢው በር ይግባ፦ ለመንገድ መሪውና ጓዝ ለሚጭንልን ባለ በቅሎ ቀድመን ተነጋግረን እንክፈል፣ ማርና እንቁላሉን ገበያ ላይ ሳንከራከር እንግዛ። በአንድ ቀን ከስምንት ሰው በላይ ወደ አንድ መንደር ባይገባ ይሻላል። ቤት ውስጥም ሳይፈቀድ ፎቶግራፍ አይነሳ።

ከወፍ አጥኚዋ አባል፦
በዚህ እስማማለሁ። አንድ ልመና አለኝ፦ በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ በገደሉ አፋፍ መሬት ላይ እህል ትለቅማለች። አንድ ጠዋት ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንፈልጋት። ኅዳር 12 ደግሞ ዓመታዊው የሚካኤል በዓል ስለሆነ፣ ያን ቀን መንገድ አንውጣ፤ አንኮበር ሚካኤል አንግሠን እንዋል። ከኅዳር 15 በፊት መመለሳችንም መልካም ነው፤ ጾም ሳይገባ የሰዉን እርጎ እንቀምሳለን።

ከጸሐፊዋ፦
ጓሳን መተው ከብዶኛል፤ ቢሆንም አሳምናችሁኛል። የተስተካከለው ሐሳብ ይህ ነው። ኅዳር 9 ደብረ ብርሃን ሳንዘገይ አንኮበር ገብተን አራቱንም ሌሊት እዚያው እናድራለን። 10 በሦስት ቡድን ተከፍለን ወደ ሦስት መንደሮች፤ ወፏን የሚፈልጉ ማልደው ይወጣሉ። 11 አልዩ አምባ። 12 በዓል። 13 መመለስ። የቤት ስጦታው ቡናና ስኳር፣ የመሪዎቹና የበቅሎው ክፍያ በበጀት ይያዛል። የመንገዱን ሰላም አንኮበር ካሉ ዘመዶች ጠይቀን ካላረጋገጥን አንነሳም፤ ካልተመቸ ቀኑን እናሸጋግራለን።

የምትመጡ እስከ ጥቅምት 20 አሳውቁኝ። ጉልበቱን የሚያመው ካለ አብሮ ይጻፍልኝ፤ የመኪናውን ወንበር በዚያ ነው የምደለድለው። ወፍራም ልብስ አትርሱ፣ የኅዳር ሌሊት እዚያ ውርጭ ነው።