ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ የካራቫኑ ፓምፕ ሌሊት ለምን ይነሳል?

ጠብታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ያገለገለ ተጎታች ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት) ገዛን። ሌላው ነገሩ ጥሩ ነው፣ ያስቸገረን ውሃው ነው። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዘግተን እንተኛለን። ፓምፑ ግን ብቻውን ይነሳና ድርርር ብሎ፣ ሁለት ሰከንድ ሠርቶ ዝም ይላል። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ይደግማል። መጀመሪያ ላይ እንስቅ ነበር፣ አሁን እንቅልፍ ነሳን። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አልጋው ስር ያለውን መሳቢያ አውጥቼ ወለሉን ስረግጠው ሰርጎድ አለ። ኮምፔንሳቶው ውሃ ጠጥቷል። የሚገርመው በዚያ በኩል አንድም ቧንቧ አያልፍም! የሸጠልን ሰው በብርዱ ወራት ውጭ ቆሞ እንደነበር ነግሮናል፣ ውሃውን አራግፎት ይሁን አይሁን ግን አልጠየቅነውም። ቧንቧዎቹ ግራጫ ፕላስቲክ ናቸው። ባለቤቴ ወለሉን ቆርጠን እንየው ይላል። እኔ መጋዙን ደብቄበታለሁ። ማናችን ነን ልክ?

ፒንሳ፦
እህቴ፣ መጋዙ እዚያው ይቆይ።

ፓምፑ ላይ ግፊት የሚያዳምጥ ማብሪያ አለ። መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሲወርድ ያስነሳዋል፣ ሲሞላ ያጠፋዋል። ብዙዎቹ ግፊቱ 3 ባር አካባቢ ሲደርስ ነው የሚያቆሙት። እናንተ ቧንቧ ሳትከፍቱ ከተነሳ ግፊቱ የሆነ ቦታ ያመልጣል ማለት ነው። የሚያመልጠው ደግሞ ወይ ወደ ውጭ ነው፣ ወይ ወደ ኋላ። ወደ ኋላ ስል ፓምፑ ውስጥ ያለው ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው) ትንሽ አሸዋ ወይም የፕላስቲክ ፍቅፋቂ ይዞት ሳይገጥም ሲቀር ውሃው ወደ ታንከሩ ይመለሳል። እሱ ከሆነ ወለላችሁን አያረጥብም፣ ማጣሪያውንና ፓምፑን ፈታታችሁ ማጠብ ብቻ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ታንከሩን ግማሽ አድርጊና ደረጃውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊበት። ፓምፑን አጥፊ። ከዚያ በውጭ መግቢያው የውሃ ጎማ ቀጥዪና ሁለት ሰዓት ጠብቂ። የታንከሩ ውሃ ከጨመረ ጥፋተኛው የፓምፑ ቫልቭ ነው። ካልጨመረ ውሃው ወደ ቤቱ እየገባ ነው። ጎማውን ስትቀጥዪ የግፊት መቀነሻ አትርሺ። እኔ አንድ ጊዜ ያለሱ ቀጥዬ ማታ ለሻይ ስነሳ ጫማዬ ሲንሳፈፍ አገኘሁት።

ዝገት፦
የፒንሳ መለያ ትክክል ነው፣ ግን ቀድሞ የረጠበ ወለል ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ በግፊት ውሃ መልቀቅ አልወደድኩትም። አየር አያረጥብም። ቦይለሩን አጥፊው፣ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ውሃውን በሙሉ አራግፊ። ለጎማ መንፊያ የሚሆን ትንሽ ኮምፕሬሰር በውጭ መግቢያው በኩል አያይዢና እስከ 2 ባር ሙዪው። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። የግፊት ቆጣሪው እየወረደ ከሆነ ጆሮሽን ጥለሽ ዙሪ። ሲስስ የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ካልሰማሽ እያንዳንዱን መጋጠሚያ የሳሙና አረፋ ቀቢው፣ የሚያፈሰው ራሱ ይነፋልሻል።

አንድ ሌላ ነገር። «በዚያ በኩል ቧንቧ አያልፍም» ብለሻል። ካራቫን ውስጥ ውሃ ከሚያፈስበት ቦታ ቀጥ ብሎ አይወርድም። የግድግዳውን ጣውላ ይዞ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ወደ ዘመመበት ሄዶ ነው የሚጠራቀመው። ስለዚህ ካራቫኑ ሲቆም ወደ የት ያዘነብላል? አልጋችሁ ወደ ፊት ከሆነና አፍንጫው ዝቅ ብሎ የሚቆም ከሆነ፣ መፈለግ ያለብሽ ከአልጋው ወደ ኋላ፣ ከፍ ባለው በኩል ነው።

ብሎን በኪሱ፦
ግራጫ ፕላስቲክ ስትዪ ደነገጥኩ። ቧንቧው ላይ የተጻፈውን አንብቢው። ፒቢ 2110 (PB2110) የሚል ካየሽ ፖሊቡቲሊን ነው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ በብዛት ይገባ ነበር፣ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ቀስ በቀስ ያደርቀዋል ተብሎ በኋላ ተትቷል። አሜሪካ ውስጥ በ1995 ትልቅ የካሳ ስምምነት የተደረሰበት እሱ ነው። ፔክስ (PEX፣ የሚተጣጠፍ የፕላስቲክ ቧንቧ) ከሚል ግን አትጨነቂ፣ ግራጫ ፔክስም አለ።

ፒቢ ከሆነ ተራ የፔክስ ማያያዣ አታስገቢበት። በውጭ ሲያዩአቸው እኩል ናቸው፣ በውስጥ ግን ስፋታቸው ይለያያል፣ ዛሬ የያዘ መስሎ ነገ ይለቃል። ለሁለቱ መሸጋገሪያ ተብሎ የተሠራ አለ። እኔ ብሆን ግን ሙሉውን ነቅዬ በፔክስ እቀይረው ነበር።

ወይ ደግሞ በፒፒአር (በሙቀት በሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) ሥሩት፣ ተበይዶ አንድ ስለሚሆን አስተማማኝ ነው። ቤቴን እንደሱ ነው ያሠራሁት።

ፒንሳ፦
ብሎን፣ ቤትህ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር አይሄድም 😄 ፒፒአር ደረቅና ከባድ ነው፣ መንገድ ላይ ሰውነቱ በሙሉ ለሚጣመም ነገር አይሆንም። ፔክስ እሺ ብሎ ይተጣጠፋል፣ ውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ቢሆንም ትንሽ ይለጠጣል። ስለ ፒቢው ግን እስማማለሁ።

ጠብታ፦
ተገኘ!!!

ቧንቧው ላይ ፔክስ ነው የሚለው፣ ተመስገን። በአየር ሞከርን። 2 ባር ሞልተን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወደ 1 ወረደ። ባለቤቴ መኝታ ቤቱን፣ እኔ ኩሽናውን አዳመጥን፣ ምንም የለም። ሲንኩ ስርም፣ ሽንት ቤቱ ጀርባም፣ ቦይለሩ ጋም አረፋ ቀባን፣ ደረቅ ነው። ልንተወው ስንል ዝገት ወደ ኋላ ፈልጊ ያልከኝ ትዝ አለኝና ከውጭ ዞርኩ። ከኋላ በኩል እግር መታጠቢያ የምትሆን ትንሽ የውጭ ሻወር አለች፣ ገዝተን ከፍተናት እንኳን አናውቅም። በሯን ስከፍት ሲስስስ! የቀዝቃዛው ውሃ መክፈቻ ቧንቧ አካሉ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለበት። ውሃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ፣ በወለሉ ስር ተጉዞ አልጋችን ስር ነው የሚጠራቀመው። አራት ሜትር ተጉዟል!

አሁን አዲስ መክፈቻ ገዛሁ። መጋጠሚያው ላይ ቴፍሎን (ማሸጊያ ጥብጣብ) ልጠቅልል? ምን ያህልስ ላጥብቀው?

ዝገት፦
የውጭ ሻወር! የብርድ ሰለባ ሁልጊዜ እሷ ናት። ሰው የውስጡን አራግፎ እሷን ይረሳታል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ የተዘጋ ፕላስቲክ ደግሞ የሚሰጠው ቦታ የለውም።

ቴፍሎኑን ተይው። የሚሽከረከረው ዳዶ ውስጥ ሾጣጣ የጎማ ዋሸር ካለ የሚይዘው ዋሸሩ ነው፣ ጥርሱ አይደለም። በእጅሽ እስኪያቆም አጥብቂ፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር። አለቀ። እኔ «ለማንኛውም» ብዬ አንድ ዙር ጨምሬ አዲሱን ቧንቧ ለሁለት ሰንጥቄዋለሁ፣ እቃ ቤቱም ተዘግቶ ነበር።

ለሚቀጥለው ብርድ ደግሞ እሷንም በሙቁም በቀዝቃዛውም በኩል ክፈቻት። ፀረ ብርድ ፈሳሽ የምትጨምሪ ከሆነ በፕሮፒሊን ግላይኮል የተሠራውን፣ ለመጠጥ ውሃ መስመር የሚሆነውን ብቻ ነው። የመኪና ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነው፣ በዚህ መስመር ጨርሶ አይገባም።

ጠብታ፦
ገጠምኩት፣ በእጅና ሩብ ዙር። ትናንት ማታ ፓምፑ አንድም ጊዜ አልተነሳም። ባለቤቴ ዝምታው ከበደኝ ብሎ ሁለቴ ተነስቶ አየው። የረጠበው ወለልስ? ላዩን በጨርቅ አድርቀነዋል።

ፒንሳ፦
ከላይ መወልወል አይበቃም። መሳቢያዎቹን በሙሉ አውጪ፣ ምንጣፉን ግለጪ፣ ማራገቢያ አቁሚበትና ቢያንስ ሳምንት ተይው። ከዚያ በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አድርጊው። ጠንካራ ከሆነ ድኗል። ካቻቢቴው እንደ ዳቦ ከገባበት ግን በስብሷል፣ እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ያንን ቦታ ማውጣት ነው። ስትቆርጡ መጋዙ ከኮምፔንሳቶው ውፍረት እንዳያልፍ አድርጋችሁ ለኩት፣ ስሩ ሽቦ አለ፣ አንዳንዱ ላይ የፍሳሽ ታንከሩም እዚያው ነው።

ጠብታ፦
ወጋሁት። ሁለት ክንድ የሚያህል ቦታ ላይ እንደ ዳቦ ገባ። እሺ፣ መጋዙን ላወጣለት ነው። ከቦይለሩ ጀርባ ነበር፣ አረፋ ስንቀባ እንኳን አላየውም።